የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና (ኢሲቲ)፦ ያለፉበት ሰዎች ምን ይላሉ?

የእናቷ ልጅ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። እናቴ በከባድ ድብርት ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። እህል እምቢ ብላለች፤ ውሃም ቢሆን በስንት ልመና ነው የምትጎነጨው። የተለያዩ መድኃኒቶች ተሞክረው ለውጥ ስላልታየ ሐኪሟ በሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና፣ እዚህ በአጭሩ ኢሲቲ የሚሉትን፣ እንድናስብበት ነግረውናል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እማዬን በኮረንቲ ልታስጠብሷት ነው?» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው፤ አክስቴ ደግሞ ከሆስፒታል አውጥተን ጸበል እንድንወስዳት ትወተውታለች።

ሐኪሞች ስለ ሕክምናው የሚጽፉትን በብዛት አንብቤአለሁ፤ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የማላውቀው ራሳቸው ታካሚዎቹ፣ በተለይም ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ምን እንደሚሉ ነው። ያመሰግናሉ ወይስ ይጸጸታሉ? የምታውቁትን ብትጽፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ማገገሚያ ክፍል

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ይህ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወንድምሽ በዓይነ ኅሊናው የሚያየውና እኔ በሥራ ላይ የማየው በጣም ስለሚራራቁ በመጀመሪያ የሚደረገውን ልንገርሽ።

ታካሚዋ በባዶ ሆዷ ትመጣለች። በደም ሥሯ በኩል ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሠራ ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ እንቅልፍ ሲወስዳት አንዱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ታስሮ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ጡንቻን የሚያፍታታ ሰክሲኒልኮሊን የተባለ መድኃኒት ይገባል። እግሯ የሚታሰረው መድኃኒቱ ወደዚያ እንዳይደርስ ነው። ኦክስጅን ይሰጣታል፣ ምላሷንና ጥርሷን የሚጠብቅ የጎማ መንከሻ አፏ ውስጥ ይደረጋል፣ ኤሌክትሪኩም ለጥቂት ሰከንድ ያልፋል። በአንጎሏ ውስጥ በሚጥል በሽታ ጊዜ እንደሚፈጠረው ያለ ንዝረት ይነሣል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ግን በዓይኑ የሚያየው የዚያችን የታሰረች እግር ጣቶች መርገፍገፍ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሁላችንም ሰዓቱንና የአንጎሏን ሞገድ እያየን እንቆማለን፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ዓይኗን ትገልጣለች። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እየተሰጠ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይደርሳል። በሕክምናው ሳቢያ የሚደርስ ሞት ሕክምናው 100,000 ጊዜ ሲሰጥ ወደ 2 ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ይህም ማደንዘዣ ከሚጠይቁ ቀላል የሚባሉ ሕክምናዎች የተለየ አይደለም።

ታካሚዎች በእኔ ፊት የሚያማርሩት ስለ ኤሌክትሪኩ አይደለም፤ እሱን አያውቁትም፣ ተኝተዋልና። የሚያማርሩት ስለ ራስ ምታት፣ ስለ መንጋጋ ሕመም፣ ስለ መርፌው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲነቁ የት እንዳሉ ግራ ስለሚገባቸው ነው። እኔ ግን የማገኛቸው በዚያች ጠዋት ብቻ ስለሆነ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሉ ከእኔ ይልቅ ሌሎች ይንገሩሽ።

የለንደኑ

ከነርሷ ቀጥዬ ልጻፍ፤ እኔ አልጋው ላይ የተኛሁት ነኝ። ሕመሜ ድብርት ብቻ አልነበረም። አንጀቴ በስብሷል፣ የሚበላው ምግብ የሚገባበት ቦታ የለም፣ እንዲያውም ሞቼ መቀበር ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ አምን ነበር። ባለቤቴ ገንፎ በማንኪያ ስታቀርብልኝ ለሬሳ ታበላለች ብዬ አዝንላት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ከእምነት መዛባት ጋር የሚመጣ ድብርት ለዚህ ሕክምና ከሌላው የተሻለ መልስ እንደሚሰጥ ኋላ ነው የተነገረኝ።

ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ምንም ለውጥ አላየሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ራበኝ። ራበኝ ማለት ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፤ ባለቤቴ ግን ነርሶቹን እየጠራች አለቀሰች። ስለዚህ ታመሰግናለህ ወይ ብትይኝ አዎ፣ ያለ ምንም ማቅማማት። ቢሆንም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከወራት በኋላ ሕመሙ ተመልሶብኝ ነበር፤ ዳንሁ ብዬ መድኃኒቱን ችላ ስላልኩት ይሁን በራሱ ጊዜ፣ ሐኪሞቹም ቁርጡን አልነገሩኝም። ሁለተኛ፣ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። የወገብ ሕመም ነበረብኝ ነው የምለው። ያመሰገነ ሰው እንኳ አፉን ከዘጋ በየመድረኩ የሚሰማው የተጎዳው ሰው ድምፅ ብቻ መሆኑ አይቀርም፤ ይህን ስታነቢ አስቢበት።

እቁብተኛዋ

ወንድሜ የለንደኑ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። የተጎዳው ሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው ባሉት ግን አልስማማም፤ እኔ ስናገር ሰሚ ያጣሁ ነኝና።

እኔም ለድብርት ነው የወሰድኩት፤ ድብርቱም ለቅቆኛል፣ ይህን አልክድም። ከመጀመሬ በፊት የተነገረኝ «ለጥቂት ሳምንታት መርሳት ሊኖር ይችላል» የሚል ነበር። የጠፋብኝ ግን ከሕክምናው በፊት ከነበረው ዓመት አብዛኛው ነው። ከሆስፒታል ወጥቼ ስጠናከር የእቁባችንን ጸሐፊ ደውዬ ዕጣዬ መቼ እንደሚወጣ ጠየቅኋት። ዝም አለችኝ። ለካ ወጥቶልኝ፣ ዳኛው ፊት ፈርሜ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ፣ ለታናሽ እህቴ ቤት ኪራይ ልኬአለሁ። ፊርማዬን አሳየችኝ፤ የእኔ ነው። ሴትየዋ ሐቀኛ ባትሆን ኖሮ ወይ እሷን ሌባ ብዬ፣ ወይ እኔ ውሸታም ተብዬ እንቀር ነበር። በዚያው ዓመት ያረፈች ጎረቤታችንን ለቅሶ ቁጭ ብዬ እንደዋልኩም የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ ልጇን መንገድ ላይ አግኝቼው «እማማ እንዴት ናቸው?» ብዬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ስነግረው ሦስት ቃላት ነግሮ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ከ100 እየተነሣሁ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ ቆጠርኩ። «የማስታወስ ችሎታሽ ጤነኛ ነው» ብሎ አሰናበተኝ። እኔ ችሎታዬ ጠፋ መቼ አልኩ? ዓመቴ ጠፋ ነው ያልኩት። የምቆጣው በሕክምናው ሳይሆን ከተነገረኝና ከደረሰብኝ መካከል ባለው ልዩነት ነው። እውነቱን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮም ምናልባት እሺ እል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የምረሳውን ጽፌ አስቀምጥ ነበር።

የሕዝብ ጤና ተማሪ

እቁብተኛዋ የጻፉት በጥናት ደረጃ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነገር ስለሆነ የማውቀውን ላቅርብ፤ ስለሚረዝምብኝ ይቅርታ።

ታካሚዎችን በስፋት ጠይቀው ውጤቱን ካሳተሙት ቀዳሚዎቹ ፍሪማንና ኬንደል የተባሉ የኤዲንብራ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት 166 ታካሚዎችን አነጋግረው አብዛኞቹ ሕክምናው ረድቶኛል እንዳሉ፣ ፍርሃቱንም ወደ ጥርስ ሐኪም ከመሄድ እምብዛም የማይለይ አድርገው እንደገለጹት ጽፈዋል። ይህ የጥርስ ሐኪም ነገር ከዚያ ወዲህ በየመማሪያው ሲጠቀስ ኖሯል። የሚረሳው ግን ራሳቸው ደራሲዎቹ ያስቀመጡት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ታካሚው ወደታከመበት ሆስፒታል ተመልሶ፣ ሐኪም ፊት ተቀምጦ፣ የተደረገለትን ሕክምና መንቀፍ እንደሚከብደው እነሱም አምነዋል። በእኛ ባህል ደግሞ ሐኪም ፊት «አልተመቸኝም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ለዚህ መድረክ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዳያና ሮዝና ባልደረቦቿ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሥር ከሚገኘው የሥነ አእምሮ ተቋም ሆነው ከዚያ በፊት የተደረጉትን ጥናቶች በአንድነት መረመሩ። ልዩ የሚያደርገው በሐኪሞች የተሠሩ 26 ጥናቶችን ብቻ ሳይሆን ታካሚዎች የሠሯቸውን ወይም የተሳተፉባቸውን 9 ሥራዎችም አብሮ መመዘኑ ነው። ያገኙት ነገር ይህን ክርክር ከሥሩ ያብራራል ብዬ አምናለሁ። ጠያቂው ሐኪም ሲሆን፣ ቦታው ሆስፒታል ሲሆን፣ ጊዜው ሕክምናው እንዳለቀ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹም ጥቂት ሲሆኑ የሚረካው ሰው ይበዛል። ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ከሆስፒታል ውጭ፣ በዝርዝር ሲጠየቁ ደግሞ እርካታው ይቀንሳል። ያው ሕክምና፣ ምናልባትም ያው ሰው፣ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ዘላቂ የትዝታ ማጣት ደርሶብኛል ያለው ሰው እንደየጥናቱ ከ29 እስከ 55 በመቶ ነበር፤ በደፈናው ቢያንስ ከሦስት አንዱ።

ታዲያ ሐኪሞች እንዴት የመርሳቱ ነገር በሳምንታት ውስጥ ያልፋል ይላሉ? ውሸት እየተናገሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የደብሊን ተመራማሪዎች 84 ጥናቶችን አጣምረው እንዳሳዩት ትኩረት፣ አዲስ ነገር መማር፣ የማሰብ ፍጥነትና የመሳሰሉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይዳከማሉ፤ ከ15 ቀን በኋላ ግን አብዛኞቹ ከሕክምናው በፊት ከነበሩበትም ይሻላሉ፣ ድብርቱ ራሱ አእምሮን ያደክም ስለነበር። ይህ ግን በሦስቱ ቃላትና በሰባት ሰባት ቆጠራ የሚለካው ነገር ነው። የእቁቡን ዕጣ፣ የጎረቤቷን ለቅሶ፣ ማለትም የሰውን የገዛ ታሪኩን የሚለኩ ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ሃሮልድ ሳክይም፣ ከዘርፉ ተቃዋሚዎች ሳይሆን ከዋነኞቹ አራማጆች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቹ ጋር በኒው ዮርክ ሰባት ሆስፒታሎች የታከሙትን ተከታትሎ ከስድስት ወር በኋላም የሕይወት ትዝታ ጉድለት እንደሚገኝ፣ ጉድለቱም በሁለቱም የራስ ጎኖች ኤሌክትሪክ በተሰጣቸው ላይ እንደሚበረታ አረጋግጧል። በቀኝ ጎን ብቻ፣ በጣም አጭር ምት እየተሰጠ የሚደረገው ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ አንዳንዴ ግን የማዳን ኃይሉም ያንሳል ወይም ብዙ ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል።

ስለዚህ የለንደኑ ወንድማችንና እቁብተኛዋ አይጣሉም። አንደኛው ዳንኩ፣ ሌላዋ ዳንኩም ተጎዳሁም ነው ያለችው፤ ጥናቱም ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

ጥርጣሬ አይከፋም

ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዚህች ልጅ ወንድም ፍርሃት እንደ አላዋቂነት መቆጠሩ አልተመቸኝም። ሕክምናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ፣ ቼርሌቲና ቢኒ በተባሉ ሐኪሞች፣ በባቡር ጣቢያ ሲንከራተት ፖሊስ ያመጣው ሰው ላይ ነው፤ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያለ ማደንዘዣና ያለ ጡንቻ አፍታቺ ሲሰጥ የሰው አጥንት ይሰበር ነበር። ሄሚንግዌይ ሕክምናውን ካገኘ በኋላ በ1961 ራሱን ያጠፋ ደራሲ መሆኑን ማን ይረሳል? አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ኢግልተን በ1972 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ታጭቶ ይህን ሕክምና ማግኘቱ ሲታወቅ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከዕጩነት ወርዷል። በካሊፎርኒያ የበርክሊ ከተማ ነዋሪዎች በ1982 በድምፅ ብልጫ አግደውት እገዳውን ፍርድ ቤት ነው የሻረው። ሕንድ ያለ ማደንዘዣ መስጠትን በሕግ የከለከለችው በ2017 ነው። ስለዚህ ሕዝቡ የፈራው ተረት ሳይሆን የሆነ ነገር ነው።

የለንደኑ

ታሪኩን አልክድም። የሄሚንግዌይን ነገር ግን በጥንቃቄ እንያዘው፤ ሰውዬው ሕክምናውን ያገኘው በጠና ታምሞ ስለነበር ነው፤ ሕክምናው አላዳነውም ማለትና ሕክምናው ገደለው ማለት ይለያያሉ።

ሕጉም ባለበት አልቆመም። እዚህ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2007 በተሻሻለው የአእምሮ ጤና ሕግ መሠረት ማመዛዘን የሚችል ታካሚ አልፈልግም ካለ፣ በግዴታ የተኛ ቢሆን እንኳ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልወደቀ ወይም ያን የመሰለ አጣዳፊ ነገር ከሌለ በቀር ሊሰጠው አይችልም። ለሌሎች መድኃኒቶች እንኳ ይህን ያህል ጥበቃ የለም። በአደባባይ የተናገሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የማይክል ዱካኪስ ባለቤት ኪቲ ዱካኪስ ከ2001 ጀምሮ ሕክምናውን ማግኘታቸውንና ሕይወታቸውን እንደመለሰላቸው ሲናገሩ ኖረዋል፤ ትዝታ እንደወሰደባቸውም አልደበቁም። እኔ በወገብ ሕመም ስሸፋፍን እሳቸው በቴሌቪዥን ይናገሩ ነበር።

አስተርጓሚዋ

በሆስፒታሎች አማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። ጥናቱ ያላነሣው አንድ ነገር ከእኛ ሰው ዘንድ ደጋግሜ አያለሁ። ፈረንጆቹ የሚፈሩት ኤሌክትሪኩን ነው፤ የእኛ እናቶችና አባቶች ግን ሐኪሙ «ሕክምናው የሚሠራው በአንጎል ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት ንዝረት በማስነሣት ነው» ሲል ፊታቸው ይለዋወጣል። በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ የሚነካው አጥቶ የሚቀርበት፣ ልጅቷ ሳትዳር፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነው። ያንን ሆን ብሎ በእናት ላይ ማስነሣት ለሰሚው እርግማን ነው። ሐኪሙ ይህን ስለማያውቅ አያብራራም፤ ታካሚዋም ስለምታፍር አትጠይቅም። ንዝረቱ በቁጥጥር ሥር የሚነሣና እዚያው የሚያበቃ መሆኑን፣ የሚጥል በሽታ ታማሚ እንደማያደርጋት አንድ ሰው በግልጽ ሊነግራት ይገባል።

ሌላው ፈቃድ ነው። ትልልቅ እናቶች ሐኪም ተናግሮ ዝም ሲል ወደ ልጃቸው ዞር ይላሉ፤ ልጁ ራሱን ከነቀነቀ ይፈርማሉ። ወረቀቱ ላይ ፊርማ አለ፤ ፈቃድ ግን የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የሮዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሌላ ጥናት ከሦስት ታካሚ አንዱ ገደማ ፈርሞም እያለ በነጻ ፈቃዴ አልነበረም እንዳለ አንብቤ አልተገረምኩም። የእናቷ ልጅ፣ ከቻልሽ እናትሽን ሐኪምም ወንድምም በሌለበት ጠይቂያት።

የእናቷ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እቁብተኛዋን ለብቻ፤ ሐኪሙ ፊት ይዤ የቀረብኩት የእርስዎን ታሪክ ነው።

ትናንት እማዬ ትንሽ ቀለል ስላላት አስተርጓሚዋ እንዳሉት ብቻዋን ሆና ጠየቅኋት። ስለ ኮረንቲውም ስለ ንዝረቱም ሁሉንም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዳዊቴን ያስረሳኛል ወይ?» እማዬ ዳዊትን በቃሏ ነው የምትደግመው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ድብርቱ ከያዛት ወዲህ ደግማ አታውቅም፤ ይህ ጭንቀት አሁንም በውስጧ እንዳለ እኔም አላሰብኩም ነበር። ለሐኪሟ ስነግራቸው ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘና በየቀኑ የተደገመ ነገር በዚህ ሕክምና የመጥፋት ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነ፣ በይበልጥ የሚነካው ለሕክምናው የቀረቡት ወራት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጥሽም አሉኝ። ማረጋገጫ አልሰጥሽም ማለታቸው ከሁሉ ይልቅ አሳመነኝ። እማዬም ይህንኑ ሰምታ ራሷ «ይሁን» ብላለች። በቀኝ ጎን ብቻ ሊጀምሩ ተስማምተናል። ወንድሜ አሁንም አኩርፏል።

ያለፈውን ዓመት ከእሷ ጋር እየጻፍን ነው፤ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንዳረፈ፣ ለማን ገንዘብ እንዳበደረች። ሌላ የምትመክሩኝ አለ?

እቁብተኛዋ

የባንክ ካርዷን የሚስጥር ቁጥር፣ የስልኳን መክፈቻ፣ መድኃኒቶቿን የምታስቀምጥበትን ቦታ ጨምሪበት። ጽሑፉ በእሷ እጅ ይሁን፤ እሷ ካልቻለች እሷ እየተናገረች አንቺ ጻፊ። የራሴን ታሪክ ሌሎች ሲነግሩኝ የሰው ወሬ የምሰማ ነበር የሚመስለኝ።

ፋርማሲስት ነኝ

ሦስት ነገር ላክል። የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሎራዜፓምና መሰሎቹ የጭንቀት ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት እንደ ቫልፕሮይክ አሲድ ያሉት ንዝረቱን ስለሚያፍኑ ሕክምናውን ያዳክማሉ፤ ስሜትን የሚያረጋጋው ሊቲየም ደግሞ ከንዝረቱ በኋላ የሚመጣውን መደናገር ሊያባብስ ይችላል። እናትሽ ከአገር ቤት የመጣላትን ጨምሮ የምትወስደውን ሁሉ ለማደንዘዣ ባለሙያው አሳዪ፤ በራስሽ ግን አንዱንም አታቋርጪ።

ሁለተኛው ከሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ የለንደኑ ወንድማችን የነካው። ሳክይምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት በሕክምናው ከተሻላቸው በኋላ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ታካሚዎች 84 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶባቸዋል፤ ኖርትሪፕቲሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ብቻ የወሰዱት 60 በመቶ፣ ኖርትሪፕቲሊንን ከሊቲየም ጋር የወሰዱት 39 በመቶ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ሳይደርስ «ካለቀ በኋላ ምን ልትሰጧት አስባችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ታማሚዋ ከተሻላት በኋላ አንዱ በሥራው ተጠምዶ፣ ሌላው ተደስቶ፣ ይህን የሚጠይቅ አይገኝም።

ሦስተኛው አክስትሽን የሚመለከት ነው። ጸበሉን አትከልክሏት፤ ጸሎትም ጸበልም ከዚህ ሕክምና ጋር አይጣላም። ነገር ግን የእኛ ሰው ጸበል የሚጠጣው ማለዳ በባዶ ሆድ ነው፤ ሕክምናው የሚሰጠውም ማለዳ ነው። ሆስፒታሉ አትጠጣ ባለበት ሰዓት ጸበልም ቢሆን ውሃ ነው፤ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ነርሷ «ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ?» ብላ ስትጠይቅ ሰዎች ጸበልን እንደ መጠጥ ስለማይቆጥሩት «ምንም» ይላሉ። ሕክምና በሌለባቸው ቀናት ትጠጣ፤ ይህንንም ለአክስትሽ ከአንቺ ይልቅ ሐኪሟ ቢነግሯት ይሻላል።